የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ ሁለት ቴአትር ቤቶችና አንድ ጎዳና

በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን በተሰበሰብን ቁጥር ከማይቀሩት ጥያቄዎች አንዱ «የራሳችን አዳራሽ፣ የራሳችን ቴአትር ቤት ለምን አይኖረንም?» የሚለው ነው። ጥያቄው ይነሳል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ሁላችንም ወደየቤታችን እንሄዳለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቴአትር ቤት የተጎሳቆለን ሰፈር እንዴት እንደሚያነሳ፣ ሰፈሩ ከተነሳ በኋላስ በቦታው የሚቀረው ማን እንደሆነ፣ ብዙዎቻችን በምናውቀው አንድ የዋሽንግተን ዲሲ ጎዳና ምሳሌነት ማስረዳት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎዳናው በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ያለው ኤች ስትሪት ነው። ቀደም ባለው ዘመን ሱቅ ከሱቅ የተያያዘበት ሞቅ ያለ የገበያ ሥፍራ ነበር። አትላስ የተባለው ሲኒማ ቤትም በ1938 እዚያው ተከፈተ። ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ግን ከተማዋ በቁጣ ነደደች፤ ኤች ስትሪትም እንደ 7ኛውና እንደ 14ኛው ጎዳና ሁሉ ተቃጠለ፣ ተዘረፈ። ከእሳቱ ይልቅ የጎዳው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ነጋዴው ሸሸ፣ አቅም ያለው ነዋሪ ለቆ ወጣ፣ አትላስም በ1976 ተዘጋ። በዘጠናዎቹ ዓመታት እዚያች ከተማ ታክሲ የነዳ ወገን በጣውላ የተመቱትን መስኮቶች ያስታውሳቸዋል።

ለውጡ ከመድረክ በኩል መጣ። በ2002 ኤች ስትሪት ፕሌይሃውስ የተባለ አነስተኛ ቴአትር ቤት በኪራይ ህንጻ ውስጥ ሥራ ጀመረ። በዚያው ሰሞን ጄን ላንግ የተባሉ የሕግ ባለሙያ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሥርተው የተዘጋውን አትላስን ከነአጎራባች ህንጻዎቹ ለማደስ ተነሱ። በ2006 አትላስ አራት የትርኢት ክፍሎችና የዳንስ መለማመጃዎች ያሉት ማዕከል ሆኖ በሩን ከፈተ።

ቴአትር እንዴት ሰፈር ያነሳል? ምሥጢሩ የሰዓት ጉዳይ ነው። የሞተ ጎዳና የሚሞተው ማታ ነው፤ ሰው ስለሌለ ያስፈራል፣ ስለሚያስፈራ ሰው አይመጣም። ቴአትር ይህን አዙሪት ይሰብረዋል፤ በቁርጥ ቀንና ሰዓት ብዙ ሰው በአንድ ላይ ያመጣል። የመጣው ሰው ከትርኢቱ በፊት እራት ይበላል፣ ከትርኢቱ በኋላ ቡና ወይም ቢራ ይፈልጋል። ምግብ ቤቱ መብራቱን ያበራል፤ የምግብ ቤቱ መብራት ደግሞ ቀጣዩን ነጋዴ ይጠራል። እርግጥ ነው፣ ሁሉን ቴአትሩ ብቻውን ሠራው ማለት ግነት ይሆናል። የከተማው ምክር ቤት በ2004 ለጎዳናው ልማት ዕቅድ አጽድቋል፤ በ2016ም በጎዳናው ላይ ትራም ሥራ ጀምሯል። ነገር ግን ሰው በማታ ወደዚያ መሄድ እንደሚቻል መጀመሪያ ካሳዩት መካከል መድረኮቹ ይገኙበታል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ጎዳናው ሲያምር ኪራይም አብሮ ናረ። ቀድሞ የመጣው ትንሹ ፕሌይሃውስ ተከራይ ነበርና ቦታውን ለቆ ወንዝ ተሻገረ፤ በ2013 አናኮስቲያ በሚባለው ሰፈር በአዲስ ስም ተከፈተ። ህንጻውን በእጁ ያስገባው አትላስ ግን በቦታው ጸና። ሁለቱም ለአንድ ጎዳና ደክመዋል፤ ልዩነቱ የባለቤትነት ወረቀት ነው። በነዋሪውም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ቤት ያለው ሸጦም ሆነ ቆይቶ ተጠቀመ፤ ተከራዩ ጥቁር አሜሪካዊ ግን በክፉው ዘመን ጠብቆ ያቆየውን ሰፈር በደጉ ዘመን ለሌላ አስረከበ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶቻችን ይህን ሳያዩ አልነበረም።

ከእኛ ታሪክ ጋር አይመሳሰልም ትላላችሁ? 9ኛው ጎዳና ከዩ ስትሪት በሚገናኝበት አካባቢ ምግብ ቤቶቻችን ጨለማውን ጎዳና አበሩት፤ በ2005 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል ብለን እስከ መጠየቅ ደርሰናል። ስም መጠየቅ ባልከፋ፤ መቅደም የነበረበት ግን ህንጻውን መግዛት ነበር። በቴአትሩም በኩል ዓለምፀሐይ ወዳጆ በ2000 የመሠረተችው የጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል ቴአትርና ግጥም በስደት እንዳይሞት ተግቷል። ተዋናይና ተመልካች እንዳለን ይህ በቂ ምስክር ነው።

እንግዲህ ከኤች ስትሪት የምንወስደው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሰፈሩ ገና ርካሽ ሳለ ቤቱን መግዛት፤ ካልተቻለም የረጅም ዘመን ውል መያዝ። ሁለተኛ፣ ከአንድ ግዙፍ አዳራሽ ይልቅ ቀን የልጆች ትምህርት ቤት፣ ማታ መድረክ የሚሆኑ፣ ለሌሎችም የሚከራዩ ጥቂት ትናንሽ ክፍሎች ማዘጋጀት፤ ባዶ አዳራሽ ዕዳ ነውና። ሦስተኛ፣ በሩን ለሰፈሩ ነባር ነዋሪ መክፈት፤ ጎረቤቱ የማይገባበት ቴአትር ቤት ሰፈር አያነሳም።

ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚል ካለ፣ በየከተማው በወር መዋጮ የገዛናቸውን ቤተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ይመልከት። ለጸሎት ቤት የከፈልን ሰዎች ልጆቻችን በቋንቋቸው የሚስቁበትንና የሚያለቅሱበትን ቤት መግዛት አያቅተንም። በሚቀጥለው ስብሰባ ከጭብጨባው በፊት የመዋጮው መዝገብ ይከፈት።