በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ምንድን ነው?

በአጥቢያችሁ ፒያኖ የሚጫወት ስንት ሰው አለ? "አንድ ብቻ" ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

እኛም ደባርቅ ውስጥ አንድ ብቻ ነበረን። ይህ ወንድም በሥራ ምክንያት ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር መዘምራኑ ደነገጡ። በእርሱ ፈንታ የምትጫወተው እኅት ገና ሁለቱን እጆቿን ማስማማት አልቻለችም። የቀረን ጊዜ ሦስት ሳምንት ነበር። ስለዚህ ዲጂታል ፒያኖውን ከባለቤቴ ኮምፒውተር ጋር አገናኝተን አጨዋወቱን ልናስቀር ተነሣን።

የመጀመሪያው ምሽት

ለገመዱ ጎንደር ድረስ መሄድ ያስፈልጋል ብዬ ነበር። አላስፈለገም። በአብዛኞቹ ዲጂታል ፒያኖዎች ጀርባ ያለው አራት ማዕዘን የዩኤስቢ ቀዳዳ የፕሪንተር ገመድ ይቀበላል። ከቢሮው ፕሪንተር ነቅለን አመጣነው። "ቱ ሆስት" በሚለው ቀዳዳ መሰካቱን አረጋግጡ፤ "ቱ ዲቫይስ" የሚለው የፍላሽ ነው። ፒያኖው አሮጌ ከሆነና ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ መሰኪያ ብቻ ካለው፣ ሚዲን ወደ ዩኤስቢ የሚለውጥ ገመድ ያስፈልጋችኋል። አልሠራ ካለ ሁለቱን ክብ ጫፎች አለዋውጣችሁ ሞክሩ።

እኛም ሰካን፤ ወንድማችን ተጫወተ። ከኮምፒውተሩ ግን ምንም አልተሰማም። ባለቤቴ "ገመዱ ተበላሽቷል" አለ። እኔ ደግሞ "ኮምፒውተርህ ነው ያረጀው" አልኩት። ነገሩ ከገመድ አልፎ ወደ ቤት ወጪ ሄደ። ያን ምሽት እራታችንን በዝምታ በላን።

ድምፅ ሳይሆን መልእክት

በማግስቱ እንደገባን ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። በገመዱ የሚያልፈው ድምፅ ሳይሆን መልእክት ነው፦ የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ በምን ያህል ኃይል፣ መቼ ተለቀቀ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1983 የልዩ ልዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች እንዲግባቡ የወጣው የሚዲ ቋንቋ ነው። የቁልፉ ኃይል ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይገለጻል። መልእክቱን ተቀብሎ የሚያስቀምጥና ድምፅ የሚሰጠው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ካልተከፈተ፣ ወይም የፒያኖው ስም በመቀበያው ላይ ካልተመረጠ፣ ኮምፒውተሩ ዝም ይላል። ኤልኤምኤምኤስ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። በቅድሚያ ፒያኖውን አብሩ፤ ከዚያ ፕሮግራሙን ክፈቱ።

ቁልፉ ተነክቶ ድምፁ ከዘገየባችሁ የኮምፒውተሩን ድምፅ ዘግታችሁ በፒያኖው በራሱ ድምፅ ተጫወቱ፤ መልእክቱ ይቀመጣል። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ሥራችሁን ቶሎ ቶሎ አስቀምጡ።

ትልቁ ጥቅም ከዚህ በኋላ ነው። የተቀመጠው ድምፅ ስላልሆነ፣ ቃናው ሳይለወጥ ፍጥነቱን መቀነስ ይቻላል። እኅታችን የግራ እጁን ብቻ አውጥታ በዝግታ ተለማመደች። ድምፃቸው ከፍ ማለት ላቃታቸው እናትም መዝሙሩን ሁለት እርከን ዝቅ አደረግንላቸው።

የቀድሞ ሰዎች ምልክት

ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ ስትወጡ የሚታዩት የስሜን ተራሮች ማኅሌታዊው ያሬድ በመጨረሻ ዘመኑ እንደኖረባቸው የሚነገርላቸው ናቸው። በስሙ በሚጠራው ዜማ ላይ የሚጻፉት ምልክቶች በ16ኛው መቶ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተዘጋጁ ይነገራል። እነርሱም ድምፅ አይደሉም፤ ለዘማሪው ምን እንደሚያደርግ ይነግሩታል። ይሁንና እስከ ዛሬ ዜማው ያለ መምህር አይወረስም። በ1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25 ላይም በመዘምራኑ መካከል መምህርና ተማሪ አብረው ተቆጥረዋል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ኮምፒውተሩን የተጫዋች ምትክ አታድርጉት። ወንድማችን በቀረው ሦስት ሳምንት በየምሽቱ ከእኅታችን አጠገብ ተቀመጠ። ኮምፒውተሩ የጣቶቹን ሥራ ያዘ፤ መቼ ዝግ ብላ መዘምራኑን መጠበቅ እንዳለባት ግን እርሱ ራሱ አስተማራት። ከሄደ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። መዘምራኑ ጠበቋት፤ እርሷም ጨረሰች።

ባለቤቴና እኔስ? "ገመዱም ኮምፒውተሩም ደህና ነበሩ" ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ሳቀና "የሚቀበል አልነበረም" አለኝ። በቤታችሁም መልእክቱ አልደርስ ሲል፣ ዕቃው ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት መቀበያው ክፍት መሆኑን ተመልከቱ።