ከምጥን ወደ ነጠላ ቁራሽ፦ ማንኪያ ለማይቀበሉና የምግብ አለርጂ ላለባቸው ሕፃናት በእጅ የሚበላ ምግብ

በከተማ ቤቶቻችን ለሕፃን ተጨማሪ ምግብ ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሣው ምጥን ነው። ጤፍ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴ፣ ሽንብራ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ አንዳንዴም ሰሊጥና አብሽ ተለቅመው፣ ተቆልተውና በአንድነት ተፈጭተው አንድ ዱቄት ይሆናሉ፤ ዱቄቱም በገንፎ ወይም በአጥሚት መልክ በማንኪያ ይሰጣል። የእህሉ ዓይነት በበዛ ቁጥር ምግቡ ይሻላል የሚለው እሳቤ፣ እህልና ጥራጥሬ በአሚኖ አሲድ ይዘታቸው የሚደጋገፉ በመሆናቸው፣ ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ሕፃኑ ማንኪያ አልቀበልም ሲል፣ በዚያም ላይ የምግብ አለርጂ ሲኖርበት ወይም ሲጠረጠርበት፣ ይኸው ምጥን ችግሩን ያወሳስበዋል። ይህ ጽሑፍ፣ ሕፃኑ በእጁ የሚያነሣው ነጠላ ቁራሽ ለሁለቱም ችግሮች የተሻለ መነሻ መሆኑን ያስረዳል።

በቅድሚያ ስለ ማንኪያው። ሕፃናት በ9 ወር ገደማ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ትንሽ ነገር ቆንጥሮ ማንሣት ይጀምራሉ። ድክ ድክ በሚሉበት ዕድሜ ደግሞ የሚበሉትን ራሳቸው መምረጥና ራሳቸው ወደ አፋቸው ማድረስ ይሻሉ። ስለዚህ ማንኪያ ሲመጣ ፊቱን የሚያዞር የ14 ወር ልጅ ብዙውን ጊዜ እምቢ ያለው ምግቡን ሳይሆን መጎረሱን ነው። ዐዋቂው በእጁ በሚበላበት ባህል ውስጥ ሕፃኑን በማንኪያ ብቻ ማስለመድ ለምን ግድ እንደሆነ መጠየቅም ተገቢ ይመስለኛል። በእንግሊዝ በተካሄደና በ2009 በታተመ የረጅም ጊዜ ክትትል፣ ጎርበጥ ያለ ምግብ ከ9 ወር በኋላ የተጀመረላቸው ልጆች በ7 ዓመታቸው የበዙ የአመጋገብ ችግሮች እንደነበሩባቸው ወላጆቻቸው ገልጸዋል። ሁሉም እምቢታ ግን የነጻነት ጥያቄ አይደለም። ሲውጥ የሚያማስል፣ ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ ክብደቱ የቆመ ሕፃን ከሆነ እምቢታው ራሱ የጉሮሮ ቧንቧ ሕመም፣ አንዳንዴም የአለርጂ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ የምግቡን ቅርጽ ከመለወጥ በፊት የሕፃናት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

አለርጂን በተመለከተ የምጥኑ ዋና ችግር ምስጢር ጠባቂነቱ ነው። በአይጂኢ ፀረ እንግዳ አካል አማካይነት የሚነሣው አለርጂ፣ እንደ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ ትውከትና የትንፋሽ መቸገር ያሉ ምልክቶችን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሌላው ዓይነት ግን ዘግይቶ የሚመጣና በዋናነት ሆድን የሚያውክ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ‹‹ምን በላ?›› የሚል ነው። ዘጠኝ ዓይነት እህል በአንድ ማንኪያ ለበላ ልጅ መልሱ ዘጠኝ ተጠርጣሪ ነው። ግራ የተጋባ ወላጅም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያቋርጥና ልጁን ለምግብ እጥረት ያጋልጠዋል። የድንች ቁራሽ ግን ድንች ነው፤ የሽንብራ ቂጣም ሽንብራ ነው። አዲስ ምግብ በየተራ፣ በትንሽ መጠን፣ ቢቻል በማለዳ ቀርቦ ለጥቂት ቀናት ቢታይ የምግብና የምልክት መዝገብ ለመያዝ ያመቻል። ቀድሞ ብርቱ ምልክት ያሳየ ሕፃን ግን የተጠረጠረውን ምግብ በቤት ውስጥ ዳግም መሞከር የለበትም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር፤ በእጁ የሚበላ ልጅ ፊቱን ስለሚቀባ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ በአፉ ዙሪያ የሚያመጣው መቅላት ሁሉ አለርጂ አይደለም።

በአገራችን የወተትና የእንቁላል አለርጂ ያለበትን ልጅ ለመመገብ የጾም ማእድ ትልቅ ሀብት ነው፤ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ማብሰል ለብዙ እናቶች አዲስ ትምህርት አይደለም። ሆኖም የጾም ምግብ ማለት ከአለርጂ ነጻ ምግብ ማለት አይደለም። ሥልጆ ሰናፍጭ ይገባበታል። ምጥን ሽሮ ከስንት ዓይነት ጥራጥሬና ቅመም እንደተዘጋጀ ከአዘጋጇ በቀር የሚያውቅ የለም። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነት አብሽንና በጎጃም አካባቢ የሚበላውን ግብጦን እንደ ኦቾሎኒ ሊቆጥራቸው ይችላል፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ዕፀዋት ናቸውና። ጤፍ የስንዴ ግሉተን የለውም፤ ነገር ግን ከገበያ የተገዛ እንጀራ ምን እንደተቀላቀለበት ሳይጠየቅ የስንዴ አለርጂ ላለበት ልጅ ሊሰጥ አይገባም። በአሜሪካና በእስራኤል በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ጤፍን ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ማቡካት የተለመደ በመሆኑ ጥንቃቄው እዚያ ይበልጥ ያስፈልጋል። ምጣዱ የሚታሰስበት ጎመን ዘር እንኳ የሰናፍጭ ዘመድ ነው። በአንጻሩ የነጠረ ቅቤ ወተትነቱ የጠፋ ቢመስልም ጥቂት የወተት ፕሮቲን ሊቀርበት ይችላል። የላም ወተት አለርጂ ላለበት ልጅ የፍየል ወተት መስጠትም መፍትሔ አይሆንም፤ የሁለቱ ፕሮቲኖች እጅግ ስለሚመሳሰሉ አብዛኞቹ ልጆች ለሁለቱም ምላሽ ያሳያሉ።

ታዲያ ምን ይቅረብ? መለኪያው ቀላል ነው፤ ቁራሹ በሁለት ጣት ሲጫኑት የሚደቅ፣ ሲያዝ ግን የማይፈርስ መሆን አለበት። ቆንጥሮ ማንሣት ላልቻለ ልጅ በዐዋቂ ጣት ቁመትና ውፍረት ይቆረጣል፤ ለቻለ ልጅ ያንሳል። የተቀቀለ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ዱባና ካሮት፣ የበሰለ ሙዝ፣ አቮካዶና ፓፓያ የታወቁ ናቸው፤ አቮካዶው እንዳያሙለጨልጭ በጥቂት የጤፍ ዱቄት ላይ ማንከባለል ይበቃል። ለፕሮቲንና ለብረት ግን ከዚህ ማለፍ ግድ ነው። የምስር ክክ ያለ በርበሬና ያለ ጨው ውኃው እስኪመጥ ከተቀቀለ በኋላ ከተቀቀለ ድንች ጋር ተደቁሶ፣ በጥቂት የጤፍ ዱቄት ተይዞ፣ በጣት ቅርጽ በምጣድ ላይ በዝግታ ይበስላል። የሽንብራ ዱቄት በውኃና በጥቂት ዘይት ተለውሶ ለስላሳ ቂጣ ይጋገራል። እነዚህ ከአንድ በላይ ግብዓት ያላቸው ምግቦች የሚቀርቡት እያንዳንዱ ግብዓት ለብቻው ከተሞከረ በኋላ ነው። ከደቃቅ የበሬ ሥጋ የተድበለበለና በደንብ የበሰለ ቁራሽ በብረት ረገድ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከሥጋ የሚገኘው ብረት ከእህል ከሚገኘው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይገባልና። ከምስርና ከጤፍ የሚገኘውን ብረት ፋይቴት የተባለው ውሕድ ይይዘዋል፤ የእንጀራ ቡኮ መፍላቱ ፋይቴቱን ይቀንሳል፣ ከጎኑ የሚቀርብ ፓፓያ ወይም ብርቱካን ደግሞ በቫይታሚን ሲ ይረዳል። ቆጮና ቡላ ከዋና ዋናዎቹ የአለርጂ አምጪዎች ነጻ ናቸው፤ ፕሮቲናቸው አነስተኛ ስለሆነ ግን ለብቻቸው አይበቁም።

ካልሲየም የበለጠ ያስቸግራል። የአሜሪካ የሥነ ምግብ መመዘኛ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 700 ሚሊግራም ይመክራል። 100 ግራም ያልበሰለ ጤፍ 180 ሚሊግራም ያህል አለው፤ በጤፍ ብቻ ለማሟላት ልጁ በቀን ወደ 390 ግራም ደረቅ ጤፍ ሊበላ ነው፤ ይህም የማይሆን ነገር ነው። ‹‹ጤፍ ወተትን ይተካል›› የሚለው አባባል በዚህ ስሌት ፊት አይቆምም። ጡት ማጥባትን እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ መቀጠል፣ በደንብ የበሰለና የደቀቀ ጎመን፣ አቅም ሲፈቅድም በካልሲየም የበለጸገ የአኩሪ አተር ወተት ክፍተቱን ያጠባሉ። ወተት ከልጁ ማእድ የሚወጣው በግምት ሳይሆን በምርመራ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው፤ በተለይ የላክቶስ አለመስማማት ከወተት አለርጂ ጋር በተደጋጋሚ ይምታታል።

አለርጂ የሌለበትን ልጅ ‹‹ለጥንቃቄ›› ከኦቾሎኒና ከእንቁላል ማራቅ ሌላው ስሕተት ነው። በ2008 የታተመ ጥናት በብሪታንያና በእስራኤል የሚኖሩ አይሁዳውያን ልጆችን አነጻጽሮ፣ የኦቾሎኒ አለርጂ በብሪታንያ 1.85፣ በእስራኤል 0.17 በመቶ ሆኖ አገኘው። በእስራኤል ሕፃናት ከመጀመሪያ ዓመታቸው ጀምሮ ኦቾሎኒ ይመገባሉ፤ ከሚወዷቸው ምግቦች አንዱም ‹‹ባምባ›› የተባለው፣ ከበቆሎና ከኦቾሎኒ የሚሠራ፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟ በእጅ የሚበላ ምግብ ነው። ይህን ተከትሎ ለአለርጂ ተጋላጭ በሆኑ 640 ሕፃናት ላይ የተካሄደው ሊፕ የተባለው ሙከራ ውጤቱን በ2015 ይፋ አደረገ። ሲጀመር በቆዳ ምርመራ ምላሽ ካላሳዩት መካከል፣ ኦቾሎኒ ከተከለከሉት 13.7 በመቶ፣ ከበሉት ግን 1.9 በመቶ ብቻ በ5 ዓመታቸው አለርጂ ተገኘባቸው። ይህ የመከላከል ውጤት እንጂ የሕክምና ማዘዣ አይደለም፤ አለርጂው ለታወቀበት ልጅ ኦቾሎኒ መስጠት አደገኛ ነው። ብርቱ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሕፃንም ኦቾሎኒ ከመጀመሩ በፊት መመርመር አለበት። ለሌሎቹ በደንብ የላመ ኦቾሎኒ በቂጣ ላይ በስሱ መቀባት ይቻላል።

ሙሉው ፍሬ ግን ለማንኛውም ትንሽ ልጅ አይሰጥም፤ አየር መተላለፊያን ይዘጋልና። ይህ የኦቾሎኒ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በቡና ሰዓት ድክ ድክ የሚል ልጅ በሚደርስበት ከፍታ የሚቀመጡት ቆሎና ፈንዲሻ ለመታነቅ ከሚዳርጉት ምግቦች መካከል ናቸው። በኒውዚላንድ በ206 ቤተሰቦች ላይ የተካሄደ ሙከራ፣ ወላጆች ስለ ምግቡ ቅርጽና ልስላሴ ከተመከሩ፣ በእጃቸው የሚበሉ ሕፃናት በማንኪያ ከሚመገቡት የበለጠ እንደማይታነቁ አሳይቷል። ልጁ ግን ተቀምጦ፣ ዐዋቂ እያየው ብቻ መብላት አለበት።

የቀረው የጋራ ማእዳችን ነው። በአንድ ትሪ ላይ የአንዱ ወጥ ከሌላው ይነካካል፤ የአይቡ ቅንጣት ወደ ምስሩ ይሻገራል። ጉርሻ ደግሞ የፍቅር ምልክት ስለሆነ አክስትንም ጎረቤትንም ‹‹ለልጁ አታጉርሱት›› ማለት ለእናት ከባድ ነው። ያጋጠሙኝ የሥነ ምግብ ምክር ጽሑፎች ይህን ጉዳይ አያነሡትም። ለልጁ የራሱን ሳህን ለይቶ መጀመሪያ ማቅረብ፣ ለዘመድ ክልከላ ብቻ ሳይሆን ምትክ መስጠት፣ ማለትም ‹‹ከዚህ ሳህን አጉርሱት›› ማለት ክብርንም ጤንነትንም ይጠብቃል። ሞግዚቷና የመዋያው ሠራተኞች የተከለከለውን ምግብ በስሙ ሊያውቁት ይገባል። የትንፋሽ መቸገር፣ ወይም ምግብ ከበላ በኋላ ድንገተኛ መዝለፍለፍ ሲታይ ልጁን ወተት ወይም ውኃ ለማጠጣት ሳይሞከር፣ ኢፒነፍሪን ሊወጋ ወደሚችልበት ቅርብ ጤና ተቋም ወዲያውኑ መወሰድ አለበት።