አዱሊስና የባሕር ማዶ ጎረቤቶቿ

በመካኒሳ አቦ ከአንድ ሱቅ ገብቶ ጨርቅ፣ ብርጭቆ ወይም መጥረቢያ የሚገዛ ሰው፣ ዕቃው በየትኛው ወደብ እንደ ገባ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ እነዚሁ ዕቃዎች ከ1900 ዓመት በፊትም ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም ይገቡ ነበር። በሩ አዱሊስ ነበረች። ፍርስራሽዋ ዛሬ በኤርትራ ምድር፣ ከምጽዋ በስተደቡብ፣ በዙላ አጠገብ ይገኛል።

በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስሙ ያልታወቀ አንድ ሰው የቀይ ባሕርን ንግድ በግሪክኛ ጽፎ ትቶልናል። በአዱሊስ የሚራገፈውን ሲዘረዝር ከግብፅ ጨርቅ፣ ከሶርያና ከኢጣልያ ጥቂት የወይን ጠጅ፣ ከሕንድም ብረትና የጥጥ ልብስ ይመጣ እንደ ነበር ይናገራል፤ የመስታወት ዕቃና መጥረቢያም ከዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ወደ ውጭ የሚጫነው የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት ነበር። የዝሆኑ ጥርስ ከዓባይ ማዶ ሳይቀር በአክሱም ተሰብስቦ፣ እስከ ወደቡ የ8 ቀን መንገድ ይጓዝ ነበር።

ጉርብትናው ግን በንግድ ብቻ አልቀረም። የሒምየር ንጉሥ ዩሱፍ በደቡብ ዐረብ የናግራንን ክርስቲያኖች ባስፈጀ ጊዜ፣ ዐፄ ካሌብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ525 ዓ.ም. ገደማ ባሕሩን ተሻግረው ወጉት። በዚያው ዘመን ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ ተገኝቶ፣ በከተማዪቱ ሹም ትእዛዝ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የግሪክኛ ጽሑፍ ለንጉሡ ገልብጧል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የመርከቦቹ ነገር ነው። የናግራንን ሰማዕታት ታሪክ የሚተርከው ጥንታዊ የግሪክኛ ገድል እንደሚለው፣ ካሌብ ያሠሯቸው መርከቦች 10 ብቻ ነበሩ። የቀሩት 60ዎቹ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ይኸውም በስዊዝ አጠገብ ከነበረችው ከቀልዝም 20፣ ዛሬ ዐቃባ ከምትባለው ከአይላ 15፣ ከሕንድ 9፣ ከፋርሳን ደሴቶች 7፣ ከዮታቤ ደሴት 7፣ ከግብፅ ወደብ ከበርኒቄ 2። እንግዲህ የአዱሊስ ኃይል በራስዋ መርከብ ብዛት አልነበረም። በደኅናው ቀን ለንግድ የሚመላለሱት ጎረቤቶች ናቸው በችግር ቀን መርከብ ያስገኙላት።

ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ የራስዋ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ከውጭ የምትገዛው ዕቃ በአብዛኛው የሚያልፈው በጂቡቲ ነው። ስለዚህ የመካኒሳው ብርጭቆ ዛሬም በጎረቤት በር ይገባል። ጎረቤትን አክብሮ መያዝ ለወደብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ደግሞ የካሌብ 60 መርከቦች ይመሰክራሉ።