የድሮ የቡና ማሽን፤ በኪሎ የሚመዘን ቁርጥራጭ ወይስ የሚሠራ ሀብት?

አንድ አሮጌ የቡና ማሽን በአዲስ አበባ ገበያ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው በሚዛን የሚወጣለት የመዳቡና የነሐሱ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ማሽኑ ተጠግኖ ዳግም ቡና ሲያወጣ የሚያስገኘው ዋጋ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው። ልዩነቱን አስቀድሞ ያወቀ ያተርፋል። ያላወቀ ሻጭ ከአባቱ የወረሰውን ንብረት በኪሎ ያስረክባል፤ ያላወቀ ገዢ ደግሞ ላዩ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ የተበላ ቆርቆሮ ይዞ ይቀራል።

ስለዚህ ጥያቄው «ማሽኑ ስንት ዓመቱ ነው?» አይደለም። ጥያቄው «መለዋወጫው ዛሬም ይመረታል ወይ? ቦይለሩስ ደኅና ነው ወይ?» የሚል ነው።

ሦስቱ ትውልዶች

ለገበያችን የጣሊያን የቡና ማሽን እንግዳ አይደለም። ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ስሙን እንኳ የወሰደው ከጣሊያንኛ ነው፤ «ማኪያቶ» የሚለው ቃልም ከማሽኑ ጋር የገባ ነው።

ማሽኖቹን በሦስት ትውልድ መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ቡናውን የሚገፉት በእንፋሎት ብቻ ሲሆን ግፊታቸው ከ2 ባር እምብዛም አያልፍም። ሁለተኛው ትውልድ የሚላኖው አኪሌ ጋጂያ ሥራ ውጤት ነው። ጋጂያ እ.ኤ.አ. በ1938 የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ከጠየቀ በኋላ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት በሞላ የሚሠራውን ማሽን ለገበያ አቀረበ። ሠራተኛው እጀታውን ወደ ታች ሲስብ ሞላው ይታመቃል፤ እጀታውን ሲለቅ ሞላው ፒስቶኑን ገፍቶ ውሃውን እስከ 9 ባር በሚደርስ ግፊት በቡናው ውስጥ ያሳልፋል። በቡናው ላይ የሚታየው ወርቃማ አረፋ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1961 ፋኤማ የተባለው ኩባንያ ያወጣው «ኢ 61» ነው። ስሙን ያገኘው በዚያው ዓመት ከታየው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። በዚህ ማሽን ሞላው ቀርቶ ግፊቱን የኤሌክትሪክ ፖምፓ ይሰጣል። ቡናው የሚወጣበት ከባድ የነሐስ ራስም ሙቅ ውሃ ሳያቋርጥ ስለሚዞርበት ሙቀቱን ጠብቆ ይቆያል።

ለነጋዴው ትልቁ ቁም ነገር የኢ 61 ራስ ቅርጽ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አምራቾች መሠራቱ ነው። ስለዚህ ጓርኒሲዮኑ፣ ወንፊቱና ቫልቮላው በቀላሉ ይገኛሉ። በአንጻሩ ከጥቂት ዓመታት ምርት በኋላ የቆመ ባለ ሞላ ማሽን፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አንድ የፒስቶን ጎማ ለማግኘት ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ማሽን ለሰብሳቢ እንጂ ለካፌ አይሆንም። ሰብሳቢ ደግሞ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ዕቃውንም እስኪያገኝ የሻጩ ገንዘብ ታስሮ ይቆያል።

ከየት ይገኛል?

የታወቀው ቦታ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው እዚያ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ተፈታትቷል፤ ራሱ ለብቻው፣ ቦይለሩ ለብቻው ሆኖ ይሸጣል። የተሻለው መንገድ ከሚዛኑ በፊት መድረስ ነው። የሚዘጋ ሆቴል፣ ዕቃ የሚቀይር ካፌ፣ ወራሾች የሚከፋፈሉት ንብረት፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት የጨረታ ማስታወቂያ፣ ሁሉም ምንጭ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ እንደታየው፣ ቤት ሲነሣ ባለንብረቱ ዕቃውን አስቦ ለመሸጥ ፋታ አያገኝም። ዋጋ የሚሳተው እንደዚህ ባለው ቀን ነው።

ምን ይታያል?

ቀድሞ የሚታየው ክሮሙ መሆኑ የብዙ ገዢ ወጥመድ ነው። የፈተናው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ መሆን አለበት።

መጀመሪያ የስም ሰሌዳው ይነበባል። አምራቹ፣ ተከታታይ ቁጥሩና ቮልቴጁ የተጻፉት እዚያ ላይ ነው። ለጣሊያን ገበያ የተሠራ ማሽን በ50 ኸርዝ የሚሠራ ስለሆነ ከእኛ ኤሌክትሪክ ጋር ይስማማል። ሰሌዳው የተነቀለ ማሽን ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል።

ሁለተኛው ቦይለሩ ነው። የሬዚስታንሱ ክዳን ተፈትቶ ውስጡ በባትሪ ይታይ። ውሃው የተወው ነጭ ቅርፊት በሲትሪክ አሲድ ስለሚሟሟ ብዙ አያስፈራም። የሚያስፈራው ነሐሱ ወደ ሮዝ ቀለም መለወጡ ነው። ይህ በነሐሱ ውስጥ ያለው ዚንክ ተበልቶ መውጣቱን ያሳያል፤ እንዲህ ያለ ብረት ብሎን ሲጠብቅበት ይሰነጠቃል። ሥራውን ለማፋጠን ብርቱ አሲድ የሚያፈስ ጥገና ቤት ይህንኑ ጉዳት በገዛ እጁ ያመጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው።

ቦይለሩ ሲሠራ በ1 ባር ገደማ ግፊት ከ100 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ከጥገና በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከሥራ ግፊቱ ቢያንስ በአንድ ተኩል እጥፍ መፈተሽ አለበት። በአየር መፈተሽ ግን አደገኛ ነው። ውሃ ቦይለሩ ቢሰነጠቅ ያፈሳል፤ የታመቀ አየር ግን ፈንድቶ ሰው ይጎዳል። የደኅንነት ቫልቮላው ምንጊዜም አዲስ ይሁን። የተደፈነ ወይም የተበየደ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት በማሽኑ እንዴት እንደተጠቀመ ከዚያ ይታወቃል።

ሦስተኛው ራሱ ነው። ባለ ሞላ ማሽን ያለ ልዩ መፍቻ አይከፈትም፤ የታመቀው ሞላ ድንገት ቢለቀቅ አጥንት ይሰብራል። የድሮ ጓርኒሲዮንና የሙቀት መከላከያ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ መፋቅም ለሳንባ ጠንቅ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ በተለይ በጨርቅ የተሸፈነ ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ተለውጦ የመሬት መስመር ይግባለት።

ክሮሙ የመጨረሻው ነው። ማሽኑ በትክክል መሥራቱ ሳይረጋገጥ ለክሮም የሚወጣ ገንዘብ የባከነ ነው።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ለማስረዳት ብቻ፣ የተጠገነው ማሽን የሚሸጥበትን ዋጋ 100 እንበለው። ከውጭ ለሚመጣ መለዋወጫ 20፣ ለባለሙያ 15፣ ለቦይለር ማጽዳትና ፍተሻ 10፣ ለክሮም 10 ቢወጣ 45 ይቀራል። ገንዘቡ ታስሮ ለሚቆይበት ጊዜ 10፣ ለትርፍ 15 ሲቀነስ 20 ይቀራል። ገዢው ከ20 በላይ መክፈል የለበትም።

የማሽኑ ብረት በሚዛን 25 የሚያወጣ ከሆነ ሻጩ በ20 አይሰጥም፤ ያ ማሽን ለቀላጭ መሄዱ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ቦይለሩ እንደ አዲስ መሠራት ኖሮበት 30 ቢጨምር ደግሞ ገዢው በነጻ ቢሰጠው እንኳ 10 ይጎድለዋል። በዚህ ጊዜ ራሶቹን ለመለዋወጫ፣ ቀሪውን ለሚዛን መሸጥ ይሻላል። ቦይለሩን ከክሮሙ አስቀድሞ መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሌላው የምንዛሪው ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ይህ መለዋወጫውን አስወደደ። ነገር ግን አዲስ ማሽንም በዚያው ልክ ስለሚወደድ፣ የተጠገነ ማሽን ተፈላጊነት ይጨምራል። ከዚህ ለውጥ የሚጠቀመው ብዙ ክፍሎቹ ደኅና የሆኑና ከውጭ የሚፈልገው ጥቂት የሆነ ማሽን ያለው ሰው ነው።

ለሻጩም ሆነ ለደላላው ምክሩ አንድ ነው። ቆራሌው ሚዛኑን ከማንሣቱ በፊት የስም ሰሌዳው ይነበብ፣ ቦይለሩ ይከፈት። ይህ ምርመራ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም። አንዴ የቀለጠ ቦይለር ግን ተመልሶ ቡና አያወጣም።