የመኖሪያ ቤት ሠሪ ሒሳቡን የሚያስከብርበት መንገድ

በዝቋላም ሆነ በሰቆጣ መኖሪያ ቤት ሲሠራ ድንጋዩ ከአካባቢው ይገኛል፤ ሲሚንቶው፣ የጣሪያ ቆርቆሮውና ምስማሩ ግን በጭነት መኪና ከሩቅ የሚመጣ ነው። ሥራ ተቋራጩም ዕቃውን ብዙ ጊዜ ከባለሱቅ በዱቤ ይወስዳል። እንግዲህ ባለቤቱ ሒሳቡን ካልከፈለ ጉዳቱ በተቋራጩ ብቻ አይቆምም፤ ባለሱቁንና ለባለሱቁ ያቀረበውን አስመጪ ጭምር ይነካል። ቆርቆሮው አንድ ጊዜ ከቤቱ ጋር ከተዋሐደ የቤቱ አካል ስለሚሆን ነጋዴው ነቅሎ ሊወስደው አይችልም። ስለዚህ መተማመኛው መፈለግ ያለበት የመጀመሪያው ድንጋይ ከመቀመጡ አስቀድሞ ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ውሉን በጽሑፍ አድርጎ በሁለት ምስክሮች ፊት መፈራረም ነው። በውሉ የሥራው ዓይነት፣ ዋጋውና የመክፈያው ጊዜ ተለይቶ ይገለጻል። ከሁሉ የሚሻለው ክፍያውን በሥራው ደረጃ መከፋፈል ነው፤ ይኸውም ቅድሚያ ክፍያ፣ ቀጥሎም መሠረቱ ሲያልቅ፣ ግድግዳው ሲቆምና ጣሪያው ሲከደን የሚከፈል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ተቋራጩ የአንድ ደረጃ ሒሳብ ሳይከፈለው ወደሚቀጥለው አይሸጋገርም፤ ቢጎዳም ጉዳቱ የአንድ ደረጃ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ዋስ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ እንዲገለጽ ያዛል (አንቀጽ 1725ና 1922)። ልኩ ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም።

ሦስተኛው ቤቱን በመያዣ መቀበል ነው። የመያዣው ውል በጽሑፍ ሆኖ የዕዳው ልክ በኢትዮጵያ ገንዘብ መገለጽ አለበት (አንቀጽ 3045)፤ ውጤት የሚኖረውም ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነው። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የደነገገው ይህንኑ ነው። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛትም ተቋራጭ በሰው መኖሪያ ቤት ላይ የመያዣ መብት የሚያገኘው፣ ሥራው ሳይጀመር ውሉ ተጽፎ ባለትዳሮቹ ሁለቱም ሲፈርሙበት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መኖሪያ ቤት የቤተ ሰብ ሁሉ መጠጊያ በመሆኑ አንዱ ብቻውን ሊያስይዘው አይገባም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ባለቤቱ ሳይከፍል ቢቀር፣ ተቋራጩ አስቀድሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ልኩ ለታወቀና በውል ለተረጋገጠ ገንዘብም በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 284 የተፋጠነ ሥነ ሥርዓትን ይፈቅዳል፤ በዚህም መሠረት ተከሳሹ መከላከያ ለማቅረብ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።

ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅም ቆርቆሮውን ከማስጫኑ በፊት ተቋራጩን «ውልህን አሳየኝ» ቢለው ጨዋነትን ማጓደል አይደለም። ያ ወረቀት የተቋራጩ ብቻ ሳይሆን የራሱም ሒሳብ መተማመኛ ነውና።