ከምላጩ የምትቀድመው መርፌ

በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ቁስሏ ሲያመረቅዝ፣ በደባርቅና በዳባትም እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል መጀመሪያ የሚወቀሰው ሽታ ነው። ሽቶ የተቀባ ጠያቂ ገብቶ ነበር ይባላል፤ አለዚያም የጎረቤት ቁሌት ሸቷት ነበር። ጤና አዳም አፍንጫዋ ላይ ይደረግላታል። አንዲት አማት ቡና የቆላሁት እኔ ነኝ፣ ምራቴን የጎዳኋት እኔ ነኝ ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። «እማማ፣ ቡናው ምንም አላደረጋትም። ነገሩ የተጀመረው ገና ሳትቀደድ ነው» አልኳቸው።

ኢንፌክሽኑን መለየት ቀላል ነው፤ ከተሰፋች በኋላ ባሉት 30 ቀናት ቁስሉ ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል ወይም ስፌቱ ይላቀቃል። ከቆዳ ሳያልፍ የሚቀር አለ፤ ማህፀን ድረስ የሚዘልቅም አለ። እጅ መታጠብና ዕቃን በኦቶክሌቭ፣ በግፊት እንፋሎት ማምከን የታወቀ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

እኔ የምሟገተው የሚገባትን ክብር ላላገኘች አንዲት የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን በርክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የጊኒ ፒጎችን ቆዳ በባክቴሪያ እየበከለ መድኃኒቱን በተለያየ ሰዓት ሰጣቸው። መድኃኒቱ ቀድሞ ደማቸው ውስጥ በተገኘባቸው ላይ ባክቴሪያው አቅም አጣ። ከተበከሉ ከ3 ሰዓት በኋላ የተሰጣቸው ግን ምንም ካልተሰጣቸው አልተለዩም። ያው መድኃኒት፣ ያው መጠን ነው፤ የለየው ሰዓቱ ብቻ ነው።

የማህፀን ሐኪሞች ይህን እያወቁም መርፌዋን እትብት እስኪቆረጥ ያቆዩዋት ነበር፤ መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑ እንዳያልፍ ሰግተው። በኋላ ሁለቱ አሰጣጦች ሲነጻጸሩ፣ ቀድሞ የተሰጣት እናት ይበልጥ ተጠበቀች፤ ሕፃኑም ሲጎዳ አልታየም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መርፌዋ ከምላጩ በፊት እንድትሰጥ መከረ። ምርጡ ጊዜ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ነው። ጥድፊያ በበዛበት ሌሊት የምትረሳውም እሷው ናት። አንዳንድ ባልደረቦቻችን «በኋላ እናካክሰዋለን» እያሉ ኢንፌክሽን ለሌለባት እናት የሳምንት ኪኒን ያዝዛሉ። ይህ ይታረም! ያለፈው ሰዓት በኪኒን አይመለስም፤ ትርፉ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ነው። ከቀዶ ጥገና በፊት ጸጉርን በምላጭ መላጨትም ንጽህና ይመስላል እንጂ ቆዳውን በዓይን በማይታይ ቁስል ይሞላዋል።

መርፌዋ ብቻዋን ሁሉን አትችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቀዶ ጥገና የተወለዱት ከ100 ሕፃናት 2 ያህል ነበሩ። ቀዶ ጥገና ብርቅ በሆነበት አገር ምላጩ ሥር የምትደርሰው ብዙ ጊዜ ምጥ የጠናባት ናት። ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ ተነስታ፣ ግማሹን መንገድ በቃሬዛ ግማሹን በመኪና ደባርቅ እስክትደርስ፣ ወይም ከአዲ አርቃይ ሊማሊሞን እስክትወጣ የሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ ሰዓታት ያልፋሉ። ውሃው ከፈሰሰ ባክቴሪያ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ተከፍቷል። ጤና ጣቢያ ላይ በእጅ የተመረመረች ሆስፒታል ስትደርስ እንደገና ትመረመራለች፤ እያንዳንዱ ምርመራ ተጨማሪ ባክቴሪያ ወደ ላይ ይገፋል። ደም ማነስ ካለባት፣ ቀዶ ጥገናው ከረዘመ፣ ብዙ ደም ከፈሰሳት ቁስሉ ለመዳን ይቸገራል። ስለዚህ የጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ለእኔ የቁስል መከላከያ ነው። ቀኗ ሳይደርስ እዚያ የምትሰነብት እናት ውሃዋ መንገድ ላይ የሚፈስበት ዕድል ይቀንሳል።

ሌላው አሳሳቢ ነገር ቤት ከገባች በኋላ ያለው ነው። እናቲቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ከሆስፒታል ትወጣለች፤ ብዙው ኢንፌክሽን ግን የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ደግሞ ሕፃኑ ወንድ ከሆነ እስከ 40፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪደርስ አራስ ቤት ናት። 30ዎቹ ቀናት ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ያልቃሉ። ትኩሳቱን «ብርድ ነው» ብሎ ገንፎ ማብዛት አያድናትም፤ መግል ከታየ ወይም ቁስሉ ከሸተተ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት ልደትና ሞት ሲመዘግብ ኖሯል፤ ቤት ለቤት መሄድ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም ማለት ነው። ሕፃኑን ለማየት አራስ ቤት የምትገባው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም መጋረጃውን ዘግታ «እስቲ ቁስልሽን አሳዪኝ» ልትል ይገባል።