ቀላል ጓዝ የእግር ጉዞ

ቀላል ጓዝ የእግር ጉዞ ማለት መኝታውንና ስንቁን በጀርባው ይዞ ለቀናት ወይም ለወራት የሚሄድ ተጓዥ ሸክሙን በተቻለ መጠን የሚቀንስበት አካሄድ ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «አልትራላይት» ይባላል። መለኪያው «መነሻ ክብደት» ሲሆን፣ ይህም ምግብ፣ ውኃና የምድጃ ነዳጅ ሳይቆጠሩ በቦርሳው ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ የሚመዝነው ነው። ሦስቱ በየመንገዱ እያለቁ ስለሚተኩ ከሒሳቡ ይወጣሉ። በተለምዶ መነሻ ክብደቱ ከ9 ኪሎግራም በታች የሆነ ጓዝ «ቀላል»፣ ከ4.5 ኪሎግራም በታች የሆነ ደግሞ «አልትራላይት» ይባላል። ቁጥሮቹ የ20 እና የ10 ፓውንድ ግልባጭ ናቸው እንጂ የተለየ ሳይንሳዊ መሠረት የላቸውም።

ታሪክ

በአሜሪካ ዲክ ኬልቲ እ.ኤ.አ. በ1952 የአሉሚኒየም አጽም ያለው የጀርባ ቦርሳ መሸጥ ጀመረ። አጽሙና የወገብ ቀበቶው ክብደቱን ከትከሻ ወደ ዳሌ አወረዱት። ነገር ግን መሸከም በቀለለ ቁጥር የሚጫነው ዕቃ በዛ፤ በቀጣዮቹ አሥርተ ዓመታት ከ20 ኪሎግራም በላይ ይዞ መሄድ የተለመደ ሆነ።

ከዚህ የተለየ መንገድ የያዙት ኤማ ጌትዉድ ነበሩ። የ11 ልጆች እናት የነበሩት እኚህ የኦሃዮ ሴት እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ በምሥራቅ አሜሪካ ከ3,000 ኪሎሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላችያን መንገድ ብቻቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱ። በዋዜማው ዓመት ሞክረው መንገድ ጠፍቷቸው ተመልሰው ነበር። የያዙት በእጃቸው የሰፉትን ከረጢት፣ ብርድ ልብስና ለዝናብ መከለያ የሚሆን የመታጠቢያ ቤት ፕላስቲክ መጋረጃ ሲሆን፣ የተጫሙት የሸራ ጫማ ነበር።

አካሄዱን በትምህርት መልክ ያስፋፋው ግን ዓለት ወጪውና መሐንዲሱ ሬይ ጃርዲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ከሜክሲኮ ድንበር እስከ ካናዳ ስለሚዘልቀው የፓስፊክ ክሬስት መንገድ መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ። የመከራከሪያው ፍሬ ነገር አንዱ ቅነሳ ሌላውን ይጎትታል የሚል ነው። ዕቃው ሲያንስ ቦርሳው ያንሳል፤ ቦርሳው ሲያንስ አጽም አያስፈልገውም፤ ሸክሙ ሲቀል ከባዱ የቆዳ ጫማ በሩጫ ጫማ ይተካል፤ ተጓዡም በቀን ብዙ ርቀት ስለሚሄድ ከአንዱ ከተማ እስከ ሌላው የሚይዘው ስንቅ ይቀንሳል። የጫማው ነገር በተለይ ከባድ ነው፤ እግር ላይ የታሰረ ክብደት እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ስለሚነሳ፣ ጀርባ ላይ ካለ እኩል ክብደት ይልቅ በርካታ እጥፍ ጉልበት ይጨርሳል።

የዕቃው ለውጥ

የመኝታ ከረጢት ለውጡን በደንብ ያሳያል። የዝይ ላባ የሚያሞቀው በውስጡ አየር ስለሚይዝ ነው። ከተኛው ሰው ሥር ያለው ላባ ግን በሰውነቱ ተጨፍልቆ አየሩን ስለሚያጣ እምብዛም አያሞቅም፤ ከመሬት ቅዝቃዜ የሚከላከለው ፍራሹ ነው። ስለዚህ የከረጢቱ የታችኛው ክፍል ተቆርጦ ወጣና እንደ ብርድ ልብስ ከላይ ብቻ የሚለበስ የላባ ልብስ ተተካ። በተመሳሳይ ሐሳብ የድንኳን ምሰሶ ቀርቶ የመሄጃው ምርኩዝ ሸራውን የሚያቆም ሆነ።

ከ2000ዎቹ ወዲህ ለውጡ ወደ ጨርቁ ዞረ። በጣም የታወቀው መጀመሪያ «ኪዩበን ፋይበር»፣ ኋላ «ዳይኒማ» የተባለው ነው። ይህ ጨርቅ የተሠራው ለተራራ ሳይሆን ለእሽቅድድም ጀልባዎች ሸራ ነበር። ውኃ አይመጥም፣ በዝናብም አይረግብም፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው፣ ከሻካራ ነገር ጋር ሲፋተግም ቶሎ ይጎዳል። በዚህ ረገድ አካሄዱ ከመነሻው ርቋል። ጌትዉድ የቀነሱት ዕቃ በመተው ነበር፤ የዛሬው ገዢ ግን ያንኑ ዕቃ በውድ ዋጋ ቀለል አድርጎ ይገዛል። ስልክም ካርታን፣ ካሜራንና መጽሐፍን ተክቶ ራሱ የሚሞላበትን ተጨማሪ ባትሪ አስከትሏል።

አደጋው

ከሸክሙ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ትርፍ መጠባበቂያ ነው። ወለል የሌለው ሸራ የሚበቃው ጎርፍ የሚተኛበትን ቦታና የነፋሱን አቅጣጫ ለሚያውቅ ሰው ነው። ዝናብና ነፋስ ሲገናኙ ከዜሮ በላይ በሆነ ሙቀትም ቢሆን የሰውነት ሙቀት አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ስለሆነም ልምድ ያላቸው ተጓዦች የዝናብ ልብስንና ደረቅ የመኝታ ልብስን ከሚዛኑ አያወጡም፤ ጀማሪው ግን የሌላ ሰው ዝርዝር ሲገለብጥ ይህን ይስታል።

በኢትዮጵያ ሰሜን ተራሮች ሒሳቡ ሌላ ነው። በተለመደው ጉዞ ድንኳኑንና ስንቁን የሚሸከመው የተከራየ በቅሎ ሲሆን፣ ተጓዡ የቀን ቦርሳ ብቻ ይይዛል። እንደ ሳንቃ በር ያሉት ማደሪያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆኑና በበጋ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል፣ እዚያ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ይዞ መሄድ ይመረጣል።